የእትዬ በየነች ፖርቶመጋላ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የሳይክል ጉልበት» በሉኝ። ሌላ መልስ አልቀበልም። ስለ ላም መስማት የሚፈልግ ሌላ ሰው ይፈልግ፤ የኔ ተረት ጎማ አላት።

እትዬ በየነች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ ዳንጊሶ ይባላሉ። ሁለቱም ሐዋሳ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት፤ እሳቸው ፈትል ክፍል፣ ጋሽ ዳንጊሶ ማሽን ጥገና። በወጣትነታቸው ጠዋት ጠዋት በአንድ አረንጓዴ ሳይክል ይሄዱ ነበር። ጋሽ ዳንጊሶ ይነዳሉ፤ እትዬ በየነች ከኋላ ፖርቶመጋላው ላይ በጎን ይቀመጣሉ። ፖርቶመጋላ እንግዲህ መጫኛው ነው፤ የሳይክል ሲሆን ከኋላ፣ የመኪና ሲሆን ጣሪያ ላይ። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ ያፈላል።

ታዲያ የሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ዳንጊሶ ዞር ሳይሉ «ይዘሻል?» ይላሉ። እትዬ በየነች የባላቸውን ወገብ ጥብቅ አድርገው «ይዣለሁ!» ይላሉ። ያን ጊዜ ነው ፔዳሉ ጠንከር ተደርጎ የሚረገጠው። የፈረቃቸው ሰዓት የተለያየ ጊዜ እትዬ በየነችም ራሳቸው መንዳት ተማሩ። ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ መንዳታቸውን ግን አልተዉም።

አሁን አዲስ አበባ ልጃቸው ምትኩ ቤት ነው የሚኖሩት። የመጡት ጋሽ ዳንጊሶ መርሳት ስለጀመሩ ነው። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጥቶታል፤ እትዬ በየነች ግን ስሙ ምን ያደርግላቸዋል? እሳቸው የሚያውቁት መርሳቱ ከሩቅ ተነስቶ ወደ ቅርብ እየመጣ መሆኑን ነው። መጀመሪያ የቀበሌውን ሊቀመንበር ረሱ፣ ቀጥሎ የድሮ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የወንድማቸውን ልጆች።

አንድ ቀን እትዬ በየነች ልጃቸውን እንዲህ አሉት። «ምትኩዬ፣ መርሳቱ እኔ ጋ ሳይደርስ ሐዋሳ ውሰደን። ያንን መንገድ በሳይክሌ ልንዳው። አባትህ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ይየኝ። ሳይክሉ ላይ ካየኝ ማን እንደሆንኩ አይጠፋውም።»

ይኸው ነው ምኞታቸው። ቤት ሥሩልኝ አላሉ፣ ወርቅ ግዙልኝ አላሉ።

«እማማ፣ እዚያ የሚከራይ ሳይክል ሞልቶ የለም እንዴ?» አለች ምራታቸው ፍሬሕይወት።

«የሚያውቀው የሚከራየውን አይደለማ ልጄ። አረንጓዴውን ነው።»

«በአውቶቡስ እንላከዋ» አለ ምትኩ።

«ወደዚህ ሲመጣስ በአውቶቡስ ጣሪያ አይደል የመጣው? የፊት ጎማው ተጣሞ ወርዶ በስንት ልፋት ተቃና፣ የኋላው ፖርቶመጋላ ተገንጥሎ መንገድ ላይ ቀረ። አሁን ደግሞ ምኑን ሊያስቀሩት ነው?»

ምትኩ መኪና አለችው። መኪናዋን ግቢው ውስጥ አቆመና የኋላ ወንበሯን አጠፈ። ሳይክሉን በፊት ጎማው አስገባው፣ የኋላው ወጣ። በኋላ ጎማው አስገባው፣ መሪው ወጣ። አጋደመው፣ ፔዳሉ መስኮቱን ሊሰብር ነበር። መኪናዋ ትንሽ ነጭ መኪና ናት፤ አራት ሰው ሲገባባት አምስተኛው ትንፋሹን ውጭ ትቶ ነው የሚገባው። ሳይክሉ «አልገባም» አለ። እትዬ በየነችም እንደናፈቃቸው ሰነበቱ።

በዚያ ሳምንት ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ነገር ረሱ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ግማሽ ቀን ፈለጉት። ይሄማ ማንም የሚረሳው ነው ተብሎ ተሳቀ።

ምትኩ መኪናዋን ለመናት። «ውስጥሽ ካልገባ ላይሽ ላይ ተሸከሚዋ!» መኪናዋ ግን ጣሪያዋ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው፤ ገመድ የሚታሰርበት የላት፣ ብረት የሚነክስበት የላት። «ያለ ፖርቶመጋላ አልሸከምም» አለች። መኪናዋ አልሸከምም አለች፣ ሳይክሉ አልገባም አለ፣ እትዬ በየነችም እንደናፈቃቸው ሰነበቱ።

በዚያ ሳምንት ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ነገር ረሱ። ስኳር ማድረጋቸውን ረስተው አንዱን ሻይ ሦስቴ አጣፈጡት፣ ከዚያም «ምነው መረረ?» አሉ። ያን ቀን የሳቀ የለም።

ምትኩና ፍሬሕይወት ፖርቶመጋላ ሊመርጡ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት አወጣላቸው። አንደኛው ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው።

«ይሄ ሀዲድ ይፈልጋል» አለ ባለሱቁ። «ጣሪያዋ ግራና ቀኝ ሀዲድ አላት?»

«የላትም» አለ ምትኩ።

ሁለተኛው በጠፍር ከኋላ በሯ ላይ የሚንጠለጠል ነው። ፍሬሕይወት እሱን ወደደችው። «ቀላል ነው፣ እኔም ላስረው እችላለሁ። ይሄን እንውሰድ።»

«የኋላ በሯ እኮ ተገጭቶ በስቱኮ የተሞላ ነው» አለ ምትኩ። «ሳይክሉን ስናንጠለጥልበት በሩ ከነሳይክሉ ይወርዳል። ደግሞ ታርጋውን ይሸፍናል። ከዚህ ሐዋሳ ድረስ ስንት ትራፊክ ያስቆመናል?»

«ስንት ዓመት ስነግርህ በሩን ሳታሠራው!»

«አሁን የበሩ ወሬ ነው?»

ሦስተኛው ከኋላ ጋንጮ ላይ፣ ማለት ተጎታች የሚቀጠልበት መንጠቆ ላይ የሚሰካ ነው። ምትኩ እሱን ወደደው። ፍሬሕይወት ደጅ ወጥታ ጎንበስ ብላ ከመኪናዋ ሥር አየችና «ጋንጮውስ?» አለች። ጋንጮም የላት። ባል የመረጠውን ሚስት ጣለች፣ ሚስት የመረጠችውን ባል ጣለ፤ ባለሱቁም ሦስቱንም መልሶ ሰቀለ። ሲያዝንላቸው ጊዜ «ለእንደዚህ ያለች መኪና በልኳ ማሠራት ነው የሚያዋጣው» አላቸው። ፖርቶመጋላው «ካልተበየድኩ አልቆምም» አለ። ፖርቶመጋላው አልቆምም አለ፣ መኪናዋ አልሸከምም አለች፣ ሳይክሉ አልገባም አለ፣ እትዬ በየነችም እንደናፈቃቸው ሰነበቱ።

በዚያ ሳምንት ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ነገር ረሱ። የልጅ ልጃቸው ሚልካ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «ማነሽ፣ ልጅት? የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ሚልካ መጫወታቸው መስሏት «የጎረቤት ነኝ» አለች። ጋሽ ዳንጊሶም አመኗት። ልጅቷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

እትዬ በየነች ይህን ሲያዩ በጣታቸው ቆጠሩ። የልጅ ልጅ ከሄደ ልጅ ይከተላል። ልጅ ከሄደ ሚስት ናት። ወረፋው እንደዚያ ነው።

ምትኩ ሳይክሉን ይዞ በያጁ ደጀኔ ዘንድ ሮጠ። ሥራ ረፍዶበት ስለነበር በቅጡ እንኳ አልተነጋገሩም።

«ደጀኔ፣ የሳይክል ፖርቶመጋላ ሥራልኝ። ጠንካራ ይሁን።»

«ሰው የሚሸከም ነው የምትለኝ?»

«ቢያስፈልግ ሰውም ይቻል! ሳይክሉን ለልክ ተውኩልህ፤ ሲያልቅ በመኪና እመጣለሁ።»

«እሺ» አለ ደጀኔ። «ግን መብራት የለም። ያለ መብራት አልበይድም።» በያጁ አልበይድም አለ፣ ፖርቶመጋላው አልቆምም አለ፣ መኪናዋ አልሸከምም አለች፣ ሳይክሉ አልገባም አለ፣ እትዬ በየነችም እንደናፈቃቸው ሰነበቱ።

በዚያ ሳምንት ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ነገር ረሱ። ምትኩ ጫማቸውን ሊያስርላቸው ሲያጎነብስ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታው፣ የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት። ምትኩ ማሰሪያውን ሁለቴ ቋጠረና ቀና ሳይል «የዳንጊሶ ልጅ ነኝ» አለ። «እሱን አውቀዋለሁ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ፣ «ጥሩ ሰው ነው።»

ምትኩ መብራቱን ሊያስመጣ ወጣ። መብራቱ «ቅርንጫፍ ሽቦዬ ላይ ተጋድሞ እንዴት እመጣለሁ? አልመጣም» አለ። እውነቱን ነው። ከደጀኔ ሱቅ ጀርባ ካለው ግቢ አንድ የግራቪላ ቅርንጫፍ ጎንብሶ ሽቦው ላይ ተኝቷል። መብራቱ አልመጣም አለ፣ በያጁ አልበይድም አለ፣ ፖርቶመጋላው አልቆምም አለ፣ መኪናዋ አልሸከምም አለች፣ ሳይክሉ አልገባም አለ፣ እትዬ በየነችም እንደናፈቃቸው ሰነበቱ።

የመብራት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡ። ቅርንጫፉ «ያለ ባለቤቴ ፈቃድ አልቆረጥም» አለ። የዛፉ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ደግሞ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ሠራተኞቹ «ለመብራት ነው» አሏቸው፤ «አይቆረጥም» አሉ። ደጀኔ «ለብየዳ ነው» አላቸው፤ «አይቆረጥም» አሉ። ምትኩ «ለመኪናዬ ፖርቶመጋላ ነው» አለ። እሱንማ ገላምጠውት ሲያበቁ ሰላምታውን እንኳ አልመለሱለትም። የዛፉ ባለቤት አልፈቅድም አሉ፣ ቅርንጫፉ አልቆረጥም አለ፣ መብራቱ አልመጣም አለ፣ በያጁ አልበይድም አለ፣ ፖርቶመጋላው አልቆምም አለ፣ መኪናዋ አልሸከምም አለች፣ ሳይክሉ አልገባም አለ — ኧረ ቆይ፣ ትንፋሽ ልውሰድ — እትዬ በየነችም እንደናፈቃቸው ሰነበቱ።

በዚያ ሳምንት እትዬ በየነች ለጋሽ ዳንጊሶ ቁርስ ይዘው ገቡ። ጋሽ ዳንጊሶ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ፊታቸው ላይ እንግዳ ሲመጣ የሚለብሱት ጨዋነት ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ እናቴ» አሉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለቤቴን አይተዋታል? በየነች ትባላለች። ቆየችብኝ።»

እትዬ በየነች ሳህኑን አስቀመጡት። «ትመጣለች» አሉ። ሌላ ምን ይባላል? ነጠላቸውን አነሱና ለማንም ሳይነግሩ በእግራቸው ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ሄዱ። ልባቸው እየደማ ነው የሄዱት፤ ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ወይዘሮ አስካለ ሲያዩዋቸው «እርስዎም ለዛፉ ነው የመጡት?» አሉ።

«አዎ።»

«ዛፉን ባለቤቴ ነው የተከለው። እሱ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው። ሁሉም እየመጣ ቁረጪ ይለኛል፤ አንዱ መብራት ይላል፣ አንዱ ብየዳ ይላል፣ አንዱ ፖርቶመጋላ ይላል። ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ሰው ወደኔ የላከው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ሲባል?»

እትዬ በየነች ሊያስረዱ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሳይክሉ፣ መኪናዋ፣ በያጁ። መሃል ላይ ተዉት። «ባሌ ረሳኝ» አሉ። «ዛሬ ጠዋት። እኔኑ፣ እኔ የት እንደሄድኩ ጠየቀኝ። በዚያ ሳይክል ላይ ቢያየኝ ያውቀኛል ብዬ ነው። ላያውቀኝም ይችላል። ግን ናፈቀኝ፣ አስካለ። እዚያው ቤት ውስጥ አብሮኝ እያለ ናፈቀኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉ። «ስሙን ስትጠሪው ዞር ይላል?»

«ይላል።»

«እጁስ ይሞቃል?»

«ይሞቃል።»

«ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለሽ እኔን ምን ትለማመጪያለሽ! ቀድሞ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም እኮ!» ተነስተው ጓዳ ገቡና የባላቸውን መጋዝ ይዘው ወጡ። «በዚህ ይቆረጥ። ሌላ መጋዝ እንዳይነካው። ደግሞ ከሐዋሳ ዓሣ ይዘሽልኝ ነይ።»

የዛፉ ባለቤት ፈቀዱ፣ ቅርንጫፉ ተቆረጠ፣ መብራቱ መጣ፣ በያጁ በየደ፣ ፖርቶመጋላው ቆመ! ቆመ፤ ግን የት ቆመ? ያዙልኝ ያልኳችሁ ቃል አሁን ነው ጉዱን ያፈላው። ምትኩ መኪናዋን እየነዳ ከተፍ ሲል ደጀኔ ሥራውን በኩራት አሳየው፤ ከሳይክሉ ኮርቻ ኋላ፣ የድሮው ፖርቶመጋላ ከተገነጠለበት ቦታ ላይ፣ ሰፊ የብረት መቀመጫ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ምትኩ።

«የሳይክል ፖርቶመጋላ።»

«የሳይክል ማለት እኮ ሳይክል የሚጭን ማለቴ ነው! የመኪና!»

«የመኪና ከሆነ የመኪና አይባልም? የሳይክል አልከኝ፣ የሳይክል ሠራሁ። ሰውም ይቻል አልከኝ፣ ሁለት ኩንታል ጭኜ ሞክሬዋለሁ!»

«ንቀለው!»

እትዬ በየነች እዚያው ነበሩ። ቅርንጫፉ እስኪቆረጥና ብየዳው እስኪያልቅ ከወይዘሮ አስካለ ጋር ቆይተው ከግቢው ገና መውጣታቸው ነው። ቀረብ አሉና ብረቱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከብየዳው ሙቀት ገና አልበረደም። ለብዙ ጊዜ እጃቸውን አላነሱም።

«ደጀኔ» አሉ፣ «የመኪናውንም አሁኑኑ ሥራልን፣ መብራቱ ሳይሄድ። ይሄኛው ግን አይነቀልም።»

«እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል?»

«አይነቀልም አልኩ እኮ።»

ደጀኔ እያጉረመረመ የመኪናዋን ጣሪያ በሜትር ለካ። ከሰዓት በኋላ የመኪናው ፖርቶመጋላም ቆመ። መኪናዋ ተሸከመች። ሳይክሉ ውስጥ ሳይገባ ላይ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ ገቡ።

ሐይቁ ዳር ምትኩ አባቱን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። እትዬ በየነች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳይክሉ ላይ ወጡ። መጀመሪያ ተንገዳገዱ፣ ቀጥሎ እግራቸው ራሱ አስታወሰው። በባላቸው ፊት ቀጥ ብለው አለፉ። ደወሉንም አንቃጨሉ።

ጋሽ ዳንጊሶ አዩዋቸው። ፈገግም አሉ። «ጎበዝ ሴት ናት» አሉ ምትኩን። «ማን ናት?»

ምትኩ ወደ ሐይቁ ዞረ። እትዬ በየነች ግን ሰምተዋል። ያ ሁሉ ሰንሰለት፣ ያ ሁሉ እምቢታ፣ ያ ሁሉ ሳምንት ለዚህ ነበር፤ ለ«ማን ናት?»። ከሳይክሉ ወርደው ፍሬኑን እንደያዙ ቆሙ። ማልቀስ አማራቸው፣ አላለቀሱም። ሳይክሉን እየገፉ መጡና አግዳሚው አጠገብ አቆሙት።

«ዳንጊሶ» አሉ። «ና፣ ተነስ።»

ስማቸው ሲጠራ ጋሽ ዳንጊሶ ዞር አሉ። እትዬ በየነች እጃቸውን ይዘው አስነሷቸው፤ ምትኩ ሳይክሉን ደግፎ አባቱን ከኋላ ፖርቶመጋላው ላይ በጎን አስቀመጣቸው። ጋሽ ዳንጊሶ በሕመሙ ቀለዋል። እትዬ በየነች ከፊት ወጡ። እጃቸው መሪው ላይ፣ አንድ እግራቸው ፔዳሉ ላይ። ወደኋላ ዞር አላሉም። ዞር ካሉ የባላቸውን ፊት ያዩታል፤ ያንን የእንግዳ ጨዋነት ደግመው ማየት አልፈለጉም።

«ይዘሃል?» አሉ።

ከሐይቁ ላይ አንድ ወፍ ተነሳ።

«ዳንጊሶ፣ ይዘሃል?»

ሁለት እጆች በቀስታ ወገባቸውን ዞሩና ፊት ለፊት ተቆላለፉ። ጥብቅ አደረጓቸው።

«ይዣለሁ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «ንጂ እንጂ፣ በየነች። ፈረቃው ሊያልፈን ነው።»

እትዬ በየነች ፔዳሉን ረገጡ። ምትኩ ጥቂት ደግፎ ሮጠ፣ ከዚያ ለቀቃቸው።

ነገ ይርሷቸው አይርሷቸው እኔ አልነግራችሁም፤ ተረቴ እዚያ ድረስ አትነዳም። ዓሣው ግን ለወይዘሮ አስካለ ደርሷል። እናንተም ተረቴን መልሱልኝ፣ ጎማዬንም ንፉልኝ።